ቁርጡን ስመጣ

«እሷ የትም ትሆናለች፣ እማዬ። ሎሚው ግን ብርሃን ይፈልጋል።»

ፀጉር አስተካካይዋ ይህን የሰማችው የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ እንዳለ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ኋላ ቆማ ነው። ለመስማት ብላ አልተደበቀችም። እናቷ «ጆሮዬ ደከመ» ካለች ወዲህ በስልክ የምትነጋገረው ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስለሆነ፣ ታላቅ ወንድሟ ከከተማው ማዶ አፉን በከፈተ ቁጥር ቤቱ ብቻ ሳይሆን ደረጃው ሁሉ ይሰማዋል። እንዲያውም አንድ ቀን ከላይኛው ፎቅ የምትወርድ ጎረቤት «ወንድምሽን ጉንፋኑ ተሻለው?» ብላ ጠይቃታለች። እናት «እሺ የኔ ጌታ» አለች። «እሺ፣ እንዳልክ።» ልጅ አፏን ተጉመጠመጠችና ውሃውን ተፋች፤ ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን እያየች «የትም» አለች፣ ቃሉን እንደ አዲስ ሳሙና እያሸተተች። አርባ አንድ ዓመት ሆኗታል። «የትም» ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ እስከ ዛሬ ማንም ለክቶ አልነገራትም።

ነገሩ ይህ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ፀጉር ቤት ዛሬ ይዘጋል። ባለቤቱ በፀጉር ፋንታ የስልክ ሽፋንና የጆሮ ማዳመጫ ሊሸጥበት ነው፤ «ስልክ ወለል አያቆሽሽም» ብሏታል፣ በክፋት ሳይሆን እንደ ምክር። ወንበሩ፣ መስታወቱና የፀጉር ማድረቂያው ካስክ የራሷ ስለሆኑ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ማንሳት አለባት። ነገ ቅዳሜ ደግሞ ሦስት ሰው ቀጥራለች። ከሦስቱ አንዷ፣ እዚሁ ላይኛው ፎቅ ላይ የምትኖረው መምህርት፣ ሳትሸፋፍን ነግራታለች፤ «እኔ አንቺን እመርጣለሁ፣ ፀጉሬ ግን ሰኞን አይጠብቅም። ቦታ ካጣሽ መንገዱ ጥግ ላይ የተከፈተው ፀጉር ቤት እገባለሁ፣ አትቀየሚኝ።» ደንበኛ ደግሞ እንደ ድመት ነው፤ አንዴ ጎረቤት ቤት ወተት ከቀመሰ ስሙን ረስቶ ይቀራል። ስለዚህ ወንበሩ ዛሬ፣ ከመምሸቱ በፊት፣ የሚቆምበት ቦታ ማግኘት አለበት። በዚህ ቤት ውስጥ ሶኬት፣ መስታወት የሚሰቀልበት ግድግዳና የቀን ብርሃን የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የሳሎኑ መስኮት። እዚያ የሎሚው ዛፍ ቆሟል።

«ቆሟል» ማለት ሎሚውን ማሞገስ ይሆናል። ከትልቅ የላስቲክ ሳፋ ውስጥ ተነስቶ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ፣ አንድም ቅርንጫፍ ሳያወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሄዷል። ጣራ ሲነካ ግን የሚሄድበት ጠፍቶት፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደቆመ ረጅም ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ በጣራው ሥር ወደ መስኮቱ አግድም ተጉዟል። እንዳይወድቅ በሦስት ገመድ ታስሯል፤ አንዱ ከመጋረጃው ዘንግ ጋር፣ ሁለተኛው ግድግዳው ላይ ከተመታ ምስማር ጋር፣ ሦስተኛው ከመስኮቱ እጀታ ጋር። በዚህ ምክንያት መስኮቱ ከተከፈተ አራት ዓመት አልፎታል። የላይኛው ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ የሚገባውን ፀሐይ ሁሉ ለራሱ ይወስዳል፣ ከዚያ የተረፈውን ነው ቤተሰቡ የሚጠቀመው። እሾህም አለው፤ መጋረጃ ለመዝጋት የሚሞክር ሰው ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ተጭሮ ይመለሳል።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው፣ ወንድም ጋሼ ሚስት አግብቶ ከቤት ሲወጣ፣ ከሻይ ብርጭቆው ውስጥ የሎሚ ፍሬ በማንኪያ አውጥቶ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ የቀበረው። «እማዬ፣ ይሄ በእኔ ቦታ ይቁምልሽ» አለ። ቀልዱን ነበር፣ እናት ግን ቃል በቃል ወሰደችው፤ ጣሳውን የልጇ አልጋ በነበረበት፣ በመስኮቱ ሥር አኖረችው። ጣሳው ባልዲ ሆነ፣ ባልዲው ሳፋ ሆነ። ሴት ልጇ በዚያን ጊዜም አሁንም የምትተኛው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። በዚያች ክፍል ተኝቶ ለመገላበጥ መጀመሪያ መነሳት ያስፈልጋል። ወንድም ጋሼ እሑድ እሑድ ሲመጣ መጀመሪያ ቀና ብሎ ጣራውን ያያል፤ «አደገ!» ይላል፤ ከዚያ እናቱን ይስማል፤ ከዚያ ጫማውን እያወለቀ «አንቺስ?» ይላል፣ ለማንም ሳይሆን ለጫማው። ይቆረጥ ወይም ይነሳ ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «የሚያድግ ነገር አይነካም።» ክፉ ሰው አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚናገረው ሁሉ «እሺ የኔ ጌታ» ስለተባለለት፣ ሌላ መልስ በዓለም ላይ መኖሩን የሚያውቅበት አጋጣሚ አላገኘም እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሎሚው አፍርቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ወንድም ጋሼ የመሥሪያ ቤት አለቃውን ሊያመጣ ነው በተባለበት ቀን፣ እናት ከገበያ የገዛቻትን አንዲት ቢጫ ሎሚ ከልጇ በተቀበለችው ጥቁር የፀጉር መሥሪያ ክር ከቅጠሎቹ መሀል አንጠለጠለቻት። አለቃው ተደነቀ፣ ወንድም ጋሼ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ፎቶ ተነሳ። ፎቶው እስከ ዛሬ ቢሮው ግድግዳ ላይ አለ ይባላል። እናትና ልጅ ስለዚያ ነገር ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፀጉር ቤቱ ደርሳ ማበጠሪያዎቿን፣ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቿንና ጠርሙሶቿን በካርቶን ማሰር ጀመረች። ከደጁ፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጎረቤቷ የነበረው ችግኝ ሻጭ በተደፋ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ቅጠል በጨርቅ ይወለውላል። ሠፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ጋሽ ችግኝ» እያለ ነው።

«ጋሽ ችግኝ፣ ሎሚ ይቆረጣል?» አለችው፣ መስታወቱን በብርድ ልብስ እየጠቀለለች።

«ለሻይ ነው ለጉንፋን?»

«ዛፉ ነዋ! ቤት ውስጥ ያለ።»

ጨርቁን አስቀመጠ። «ቁመቱ?»

«ጣራ ነክቶ ታጥፏል።»

«ቅርንጫፉ ስንት ነው?»

«የለውም።»

«ዕድሜው?»

«አሥራ አንድ።»

«ልጄ፣ እሱ ምሰሶ ነው፤ ማን ዛፍ ነው አለሽ?»

ከዚያ ግን ቀልዱን ትቶ እንደ ሐኪም አስረዳት። እያንዳንዱ ቅጠል ብብቱ ሥር አንዲት ትንሽ ዓይን አለችው፤ ዓይኗ የምትተኛው ደግሞ ሞታ ሳይሆን ታዝዛ ነው፤ የሚያዛት ጫፉ ነው። ጫፉ እስካለ ድረስ «እኔ እበቃለሁ፣ እናንተ ተኙ» ይላቸዋል፤ እነሱም ይተኛሉ፤ መቶ ዓመት ቢሆን ይተኛሉ። ጫፉ ሲቆረጥ ነው የሚነቁት፤ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስትም አራትም ሆነው ወደ ጎን ይወጣሉ። «ከሲሶው እስከ ግማሹ ብትወስጂ አይጎዳም፤ ከዚያ እንዳታልፊ፣ ከታች ቅጠል አስቀሪለት። ከዓይኗ በላይ የጥፍር ያህል ትተሽ፣ ሰያፍ አድርገሽ፣ በአንድ ምት። እያንገራገሩ ከቆረጡት ይቆስላል። መቀሱን መጀመሪያ በአልኮል ጥረጊው። ደግሞ የፀጉር መቀስሽን እንዳታስነኪው።»

«እብድ ነኝ እንዴ?» አለች። በእሷ መቀስ ወረቀት እንኳ የቆረጠ ሰው የለም፤ እናቷ አንዴ የወተት ከረጢት ልትከፍትበት ብታነሳው ለሁለት ቀን ተኮራርፈዋል። «ግን ወንድሜ አይፈቅድም፣ ጋሽ ችግኝ።»

«ወንድምሽ የት ነው የሚኖረው?»

«ማዶ።»

«ታዲያ እሾሁ የሚወጋው ማንን ነው?» ብሎ ከሣጥኑ ሥር አጭር፣ ወፍራም፣ እጀታው ቀይ የሆነ የችግኝ መቀስ አወጣ። «ሰኞ ትመልሺልኛለሽ። ኪራዩ ይሄ ነው» አለና ባርኔጣውን አነሳ። ከጆሮዎቹ ጀርባ ብቻ ጥቂት ነጭ ፀጉር ቀርቶታል።

«ለዚህማ መልስ ልሰጥህ ይገባኛል» አለች፤ እየሳቀችም መቀሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልትቆርጥበት ቆርጣ አልነበረም። እምቢ ለማለትም ግን አፏ አልታዘዘላትም።

ባለጋሪው እቃውን ቤቷ ድረስ ለማድረስ ሰባ ጠየቀ፣ ሃምሳ አለችው፣ በስድሳ ተስማሙ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ቀና ብሎ ደረጃውን አየና «ይሄኛው ስንት ሊሆን ነው?» አለ።

«የቱ?»

«ደረጃው። አልነገርሽኝም።»

«ፎቅ ነው አላልኩህም?»

«ፎቅ አልሽኝ እንጂ ደረጃ አለው መች አልሽኝ?» ከዚህ ክርክር ጋር መሟገት ስላልተቻለ ስድሳው ሰባ ሆነ። የፀጉር ወንበሩ፣ እግሩ ከብረት የተሠራ፣ የሚሽከረከር፣ ቁጭ ሲሉበት የሚተነፍስ ወንበር፣ በባለጋሪው ጀርባ ላይ ተገልብጦ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ «ፍስስ» እያለ ወጣ። እናት በሩን ከፍታ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቆማ ነበር። «እሺ የኔ ጌታ፤ እሺ፤ ደህና ዋል» ብላ ዘጋችው። ደረጃው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይሰማ ቀረ፤ ልጅ ግን ወንበሩ የበሩን ቀለም እንዳይፍቀው ስትጠነቀቅ ይህን ልብ አላለችም።

ወንበሩ ሳሎኑ መሀል ተቀመጠ። ባለጋሪው ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ሎሚውን ከሥር እስከ ጣራ አየት አድርጎ ሄደ። እናት የልብሷን ጫፍ አስተካከለች።

«ወንድምሽ ነው የደወለው።»

«አውቃለሁ።»

«ከሰዓት ይመጣል። ሎሚውን ቁረጡት ብሏል።»

ልጅ የካርቶኑን ገመድ እየፈታች ነበር፤ ጣቷ ቆመ። «ምን አለ?»

«ቁረጡት አለ። ሎሚውን ቁረጡት፣ ስመጣ አየዋለሁ አለ። ሁለት ጊዜ ነው ያለው።»

«ወንድም ጋሼ?»

«ሌላ ልጅ አለኝ እንዴ?» አለች እናት፤ ወዲያውም የተናገረችው ለራሷ ተሰማትና ቀና ብላ ሳታይ «ሌላ ወንድ ማለቴ ነው» አለች።

ልጅ እናቷን አየቻት። የእናቷ ጆሮ ዓይነቱ ለየት ያለ ነው፤ «ቧንቧው ተበላሽቷል» ሲሏት አይሰማም፣ ሁለት ክፍል ተሻግሮ የከረሜላ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ስለዚህ «ደውዬ ልጠይቀው?» አለች። እናት በጣም ተረጋግታ «ስብሰባ ውስጥ ነኝ ብሏል» አለች። «ደግሞ ቁረጡት ነው ያለው፣ ቁረጪው አላለም። ሁለታችንንም ነው። አንቺ ብቻሽን እንዳትፈሪ።» ይህን ብላ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ስትመለስ የመውጫ በርጩማ ይዛ ነበር።

ልጅ መቀሱን በአልኮል ጠረገች፣ እጇንም ጠረገች፣ ሳያስፈልግ እንደገና መቀሱን ጠረገች። በርጩማው ላይ ቆማ ግንዱን በጣቶቿ እየዳሰሰች ከላይ ወደ ታች ወረደች። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ኖረው እንዲህ ቀርባ አይታው አታውቅም ነበር። ጋሽ ችግኝ እንዳለው በየቅጠሉ ብብት ሥር፣ ከጤፍ ቅንጣት ትንሽ የምትበልጥ፣ አረንጓዴ፣ የተጨፈነች ዓይን አለች። የሰው ፀጉር ላይ «ከዚህ ልቁረጠው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ይሄ ግን መስታወት አያይም። ከራሷ በስንዝር የሚበልጥ ቦታ ላይ ደህና ቅጠል መረጠች። «እማዬ፣ ጫፉን ያዢልኝ። እማዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«ቁረጡት አለ አልኩሽ።»

መቀሱ «ቀጭ» አለ፤ አንድ ምት። ወዲያው ቤቱን የሎሚ ሽታ ሞላው፤ ከገበያው ሎሚ የተለየ፣ ስለታም፣ ሰውን የሚያነቃ ሽታ፤ ያለ ፍሬው፣ ከቅርፊቱ ብቻ። አሥራ አንድ ዓመት ይህን ሽታ ይዞ ዝም ማለቱ ሁለቱንም አስገረማቸው። የተቆረጠው ጫፍ ከጣራው ሥር ተንሸራትቶ እናት ላይ ወደቀ፤ እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ልትቀበለው ሞከረች፣ እሾሁም ክንዷን ጫረው። «ኤዲያ! ተቆርጦም ይዋጋል» አለች፤ «ቁርጥ ወንድምሽን!» ከዚያ ሁለቱም የሳቁት ሳቅ ለቀልዱ ከሚገባው በላይ ረዘመ፤ ልጅ በርጩማው ላይ እንዳለች ግድግዳ እስክትይዝ ድረስ።

ገመዶቹ ተፈቱ። ሦስተኛው ሲፈታ መስኮቱን ገፋ አደረገችው፤ እምቢ አለ፤ በክርኗ መታችው፣ ተከፈተ። የአውቶቡስ ጥሩምባ፣ የሰው ጫጫታ፣ ከታች ካለው ዳቦ ቤት የትኩስ ዳቦ ሽታ አንድ ላይ ገቡ። ሳፋውን ለማንቀሳቀስ ለሁለት ሴት ከባድ ነበር፤ ነገር ግን ወለል በሳሙና ውሃ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ከፀጉር አስተካካይ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሻምፑ በጥብጣ አፈሰሰች፤ አንዷ ገፋች፣ አንዷ ጎተተች፤ ሎሚው ተንሸራትቶ ከመስኮቱ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ወደ ጥጉ ሄደ። አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ማንም ሳይዘው። ወንበሩ በቦታው ገባ፤ መስታወቱ ደግሞ የሎሚው ገመድ በነበረበት ምስማር ላይ ተሰቀለ፣ ሌላ ምስማር መምታት እንኳ አላስፈለገም።

ምሳ መኮሮኒ ነበር። ተቀምጠው ሲበሉ ብርሃኑ እስከ ማዶው ግድግዳ ድረስ ደርሶ ነበር፤ እናት በመካከሉ ሁለት ጊዜ ተነስታ አቧራ ጠረገች። «ይሄ ሁሉ አቧራ የት ነበር?» አለች። «እዚሁ ነበር፤ ጨለማ ሆኖብን ነው» አለች ልጅ። ልጅ ጠዋት የሰማችውን ልትጠይቃት ፈለገች፤ «የትም ትሆናለች ሲልሽ ለምን እሺ አልሽው?» የሚለው ቃል ሹካዋ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እናት ከራሷ ሳህን ላይ መኮሮኒ በማንኪያ አንስታ የልጇ ሳህን ላይ ጨመረችና «ብዪ፣ ነገ ሥራ አለብሽ» አለቻት። ጥያቄው እዚያው ተዋጠ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩ በቁልፍ ጫፍ ተንኳኳ፤ ወንድም ጋሼ ሁልጊዜ የሚያንኳኳው እንዲህ ነው። በአንድ እጁ የመለኪያ ሜትር፣ በሌላው ረጅም ካርቶን ይዟል። ገባ፤ እንደ ልማዱ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ጣራው ባዶ ነበር፤ ሎሚው በነካበት ቦታ አረንጓዴ ጭረት ብቻ ቀርቷል። ዓይኑ ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደ፣ ጥጉ ላይ ያለውን አገኘ።

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

«አንተ ነሃ!» አለች እህቱ፤ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ቀጥኖ ወጣ። «ቁረጡት አልክ አይደል? በስልክ።»

«እኔ? ማን ነው ያለሽ?»

ሁለቱም ወደ እናታቸው ዞሩ። እናት እጇን በፎጣ እያደረቀች ነበር። «ቁረጡት አላልከኝም፣ የኔ ጌታ? ሁለት ጊዜ ነው ያልከው።»

«ቁርጡን!» አለ ወንድም ጋሼ። «እማዬ፣ የሎሚውን ቁርጡን ስመጣ እነግራችኋለሁ ነው ያልኩሽ! ቁርጡን! ስመጣ!»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ጆሮዬን እንደምታውቀው ነው» አለች እናት፤ ፎጣውንም ማጠፍ ጀመረች።

እህት መሬቱን አየች። ጠዋት ሙሉ የተገነባው ሁሉ፣ ወንበሩ፣ መስታወቱ፣ የነገዋ መምህርት፣ በአንዲት «ረ» ላይ ቆሞ እንደነበረ አሁን ገባት፤ «ር» መሆን የነበረባት «ረ»። ነገ መምህርቷ መጥታ በሩ ላይ «አልሆነም» ስትባል ታያት።

«ምን ነበር ታዲያ ቁርጡ?» አለች።

ወንድም ጋሼ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «መተላለፊያው ላይ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ትሆኚ ነበር። ለክቼ ላስተካክልልሽ። ጨለማ ነው እንዳትይ መብራት ገዝቻለሁ፤ እንደ ቀን የሚያበራ ነው፤ ሦስት መቶ ሰማንያ።» መብራቱን ከካርቶኑ አወጣው፤ እውነትም ውድ፣ ነጭ፣ የሚያምር መብራት ነበር። ይህ ደግሞ ነገሩን አከበደው፤ እህት እስካሁን ልትቆጣ ተዘጋጅታ ነበር፣ ስጦታ ይዞ የመጣን ሰው ግን እንዴት እንደሚቆጡት አታውቅም። እሱ ወደ ሎሚው ተጠጋ፣ የተቆረጠውን ነጭ ቁስል በአውራ ጣቱ ነካ። «ባይሆን እኮ የማያፈራ ዛፍ ቢሆን» አለ፤ «ያፈራ ዛፍ ይቆረጣል? በዓይናችሁ አይታችኋል። ሎሚዋን አይታችኋል!»

እህት አንዲት ዓረፍተ ነገር በቂዋ እንደሆነች ታውቃለች፤ ሦስት ዓመት የያዘቻት ዓረፍተ ነገር ምላሷ ላይ መጣች። ወንድሟ ግን ጀርባውን ሰጥቷት ቆሞ ነበር፤ ከኮሌታው በላይ፣ እሱ ራሱ ሊያየው የማይችለው ቦታ ላይ፣ ፀጉሩ ሳይስተካከል አድጎ፣ ግማሹም ሸብቶ አየችው። አፏን ዘጋች።

«የገበያ ናት» አለች እናት።

«ምኗ?»

«ሎሚዋ። እኔ ነኝ ያንጠለጠልኳት፣ አባቴ። አለቃህ ፊት እንዳታፍር ብዬ።»

ወንድም ጋሼ ዞረ። የሚቀመጥበት ፈለገ፤ ሌላው ወንበር ሁሉ ጠርሙስና ቢጎዲን ተቆልሎበት ስለነበር መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ «ፍስስ» አለና ከፍ ብሎ የነበረውን ሰውዬ ዝቅ አደረገው። ከፊቱ መስታወቱ ነበር። ለረጅም ጊዜ ራሱን ተመለከተ። «ቢሮዬ እኮ ፎቶዋ በፍሬም ነው ያለው» አለ በመጨረሻ። «አዲስ ሰው በተቀጠረ ቁጥር ነው የማሳየው።» ከዚያ፣ «በምን ክር?»

«ክሩ የእሷ ነው» አለች እናት።

መጀመሪያ ትከሻው ነው የተንቀሳቀሰው። እህት የሚያለቅስ መስሏት ደንግጣ ቀረበች፤ በመስታወቱ ስታየው እየሳቀ ነበር፤ ድምፅ ሳያሰማ፣ ተስፋ እንደቆረጠ ሰው፣ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ። «በፀጉር ክር!» አለ። «አለቃዬ ዝርያው ምንድን ነው ብሎ ጠይቆኝ ነበር!»

«ታዲያ አሁን ሎሚው ብርሃኑን ከየት ሊያገኝ ነው?» አለ ሳቁ ሲያልቅ፤ እንደ ጠዋቱ ትእዛዝ ሳይሆን እንደ ጥያቄ።

«መብራት ገዝተህ የለም እንዴ?» አለች እናት። ካርቶኑን አንስታ ጥጉ ጋ ወስዳ አስቀመጠችው። «እዚህ በላዩ ትሰቅልለታለህ። አሁን አጥሯል፤ የትም ይሆናል።» «የትም» ስትል ወደ ማንም አላየችም። ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ወዲያው ቧንቧው ተከፍቶ ውሃው ሲንጫጫ ተሰማ።

እህት ነጩን ጨርቅ አራግፋ በወንድሟ አንገት ዙሪያ አሠረችለት። አልጠየቀችውም፣ እሱም አልከለከላትም። ከቤት ከመውጣቱ በፊት ፀጉሩን ሁልጊዜ የምትቆርጠው እሷ ነበረች፤ ራሱን ወደ ፊት ደፋ ሲያደርግ ዛሬም የልጅነት ጠባሳው ከጆሮው በላይ ብቅ አለ። የችግኙን መቀስ ወደ ጎን አድርጋ የራሷን አነሳች። ብርሃኑ ከጎን እየመጣ እያንዳንዷን ፀጉር ለብቻዋ ያሳያታል፤ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ፀጉር ቤት እንዲህ ያለ ብርሃን አግኝታ አታውቅም። የመጀመሪያው ሽበት ጨርቁ ላይ ወደቀ።

«ነገ ስንት ሰው አለሽ?» አለ።

«ሦስት። አንቀሳቀስ።»

«አትንቀሳቀስ ማለትሽ ነው?»

«አዎ። ምን አልኩ?»

«አንቀሳቀስ አልሽ።»

«በቃ አንዷ ፊደል ተረስታ ነው፣ የዚህ ቤት በሽታ ነው» አለች፤ በመስታወቱ ውስጥም ሁለቱ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ወንድም ጋሼ አንገቱን ሳያቀና ወደ እሷ ዘንበል አለ፤ ወደ ወጥ ቤቱ አጮልቆ አይቶ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ሹክሹክታ፣ «እኔ ግን እውነቴን ነው፤ ጥርት አድርጌ ቁርጡን ነው ያልኩት» አላት።

ከወጥ ቤቱ፣ ቧንቧው እየፈሰሰ፣ ሳህን ከሳህን እየተጋጨ፣ የእናታቸው ድምፅ መጣ።

«ቁርጡም ቢሆን ያው መቆረጥ ነው! ዝም ብለህ ተቆረጥ!»

መቀሱ አየር ላይ ቆመ። ወንድምና እህት በመስታወቱ ውስጥ፣ አፋቸው እኩል ተከፍቶ፣ ተያዩ። ጠዋት በሩ ላይ ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተለጥፎ እንደነበረ፣ ደረጃውም ዝም ብሎ እንደነበረ ፀጉር አስተካካይዋ አሁን ነው ትዝ ያላት። ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ እንዲያውም ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«እማዬ፣ ከዚያ ሆነሽ ሰማሽው?»

ቧንቧው ተዘጋ።

«ምን አልሽ?» አለች እናት። «ጮክ በዪ እንጂ፣ አይሰማኝም።»